የቆንጂት ጌሾ ለምን ቢጫ ሆነች

የቆንጂት እጆች የተማሪ ቀሚስ ጠርዝ እያጠፉ ነበር። ግራ እጇ ጨርቁን ይስባል፣ ቀኝ እጇ የስፌት መኪናውን መዘውር ያዞራል፤ ዓይኗ ግን መርፌው ላይ አልነበረም። መስኮቱ ሥር በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ የቆመችውን የጌሾ ችግኝ ታያለች። እያየቻት አንድ ቅጠል ጠብ አለ። እንደ ትናንቱ ቢጫ፣ እንደ ትናንቱም ከታችኛው ቅርንጫፍ።

«ደግሞ ሌላ!» አለችና መኪናውን አቆመች። «ምን በድዬሽ ነው አንቺ?»

ቆንጂት በወጣትነቷ ኬንያ ውስጥ በዋልዳ የስደተኞች መጠለያ የኖረች ሴት ናት። ካምፑ ሲዘጋ ሰው ወደየአቅጣጫው ተበተነ፤ እሷ ግን ሞያሌ ቀረችና በኬንያው ወገን ሄሉ በሚባለው ሰፈር ልብስ እየሰፋች ትኖራለች። እናቷ ዛሬም ሐገረ ማርያም ናቸው። የናይሮቢው አስፋልት ሞያሌ በደረሰበት ዓመት ሐገረ ማርያም ላይም የእናቷ ጓሮ ለመንገዱ ቅጥያ ተፈልጎ ጌሾው በሙሉ ተነቀለ። አሮጊቷ ከፍርስራሹ መሀል አንዲት ችግኝ አግኝተው ሥሯን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ለልጃቸው ላኩ። ሌላ አልተረፈም።

«ዘሯ ባንቺ እጅ ነው። ለፋሲካ መጥቼ ቅጠሏን በእጄ እዳስሳለሁ» አሏት።

ከዚያ ወዲህ በደወሉ ቁጥር «እንዴት ነሽ» ከማለታቸው በፊት «እንዴት ናት» ይላሉ። ቆንጂትም «ለምልማለች፣ እማዬ» ትላለች። ስልኩን ስትዘጋ አፏ ይመራታል።

ችግኟን ውጭ እንዳትተክላት የሄሉ ፍየል የሚምረው ነገር የለም። ቤት አስገባቻት። ቤት የገባ ነገር ደግሞ የእንግዳ ሁሉ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ከኦቦ መንደር ወተት የሚያመጡላት አባ ጅሎ አዩዋት። ቁጢጥ ብለው ቅጠሏን ገለበጡ፣ አሸተቱ።

«ይህቺ ጨው ነው ያጣችው። ግመሌም እንዲህ ስትሆን ጨው ሳስልሳት ትነሳለች።»

«አባ ጅሎ፣ ይህቺኮ ግመል አይደለችም!»

«አፍ የላትም እንጂ የምትለው ያው ነው» አሉና የጠጡትን ውሃ ትራፊ ሥሯ ላይ ጠብ አድርገው፣ «ለምልሚ» ብለው መርቀዋት ሄዱ።

ቀጥላ ሆቴል ያላት ብዙወርቅ መጣች። «ዓይን ነው! እዚህ አደባባይ ላይ ገትረሻት የማያያት ማነው? ከመጋረጃው ኋላ አድርጊያት። ቆይ፣ ጠበልም አመጣለሁ። ጠበል መቼም አይጎዳም።» ጠበሉን አምጥታ አርከፈከፈችባት። ቆንጂትም መጋረጃው ኋላ ደበቀቻት። ብርሃን አጥታ የባሰ ገረጣች።

የጎረቤቷ ፎዚያ ደግሞ ሩዝ ያጠበችበትን ውሃ ይዛ ከተፍ ትላለች።

«አንቺ ሙስሊም አይደለሽም እንዴ? የጠላ ቅጠል እኮ ነው የምታጠጪው» አለቻት ቆንጂት።

«ጠላሽን አልጠጣም፤ ቅጠልሽ ግን ምን አደረገችኝ?»

ሞያሌ ውሃ በጄሪካን የሚገዛበት ከተማ ነው። በዚያ ከተማ የብርጭቆ ትራፊ መሬት ላይ አይደፋም። ነፍስ ላለው ነገር ይሰጣል፤ ለዶሮ፣ ለአህያ፣ ለችግኝ። ስለዚህ የገባ ሁሉ አጠጣት። ጌሾዋም አንገቷን ደፋች፤ አንገቱን የደፋ ደግሞ የተጠማ ነው ብሎ የማያስብ በዚያ አገር የለም። ቆንጂት ራሷ ከገዛችው ውሃ ቀንሳ ጨመረችላት። አመድ ነሰነሰችላት፣ ፍግ አደረገችላት። ቢጫው ከታች ወደ ላይ ወጣ። አንድ ቀን ተናዳ «እንግዲያው ሙቺ!» ካለቻት በኋላ ተመልሳ ይቅርታ ጠየቀቻት።

የሁዳዴ ጾም ሲጋመስ እናቷ ደወሉና «ትኬቴን ልቆርጥ ነው» አሉ። ያን ዕለት ቆንጂት ወለሉን ልትጠርግ ብላ ቆርቆሮውን ለማንሳት ሞከረች። አልነሳ አላት። እንደ ድንጋይ ከብዷል። «ይህን ያህል የተጠማች ነገር እንዴት ይከብዳል?» አለችና ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከተተች። ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ጭቃ። ጣቷን ብታሸተው የሰነበተ ኩሬ ይሸታል።

ያኔ ትዝ አላት። መጀመሪያ ስትተክላት የቆርቆሮውን ቂጥ በምስማር በስታው ነበር። ውሃው ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ ግን ሆዷ አልቻለም። በገንዘብ የተገዛ ውሃ ዝም ብሎ ሲፈስ እንዴት ታየዋለች? ሻማ አቅልጣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ደፈነቻቸው።

ጭኗን በጥፊ መታች። «በገዛ እጄ! በውሃ ጥም አገር በውሃ ገደልኳት!»

ፎዚያ ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ መጣች። ሁለቱ ሆነው ቆርቆሮውን አጋደሉት፤ ሻማው ሲወጋ ጥቁር ውሃ ወጣ። የሥሯ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ሲነኩት ይላጣል። አየር አጥቶ የታፈነ ሥር ውሃ መሳብ አይችልም፤ ለዚህ ነበር ውሃ ውስጥ ቆማ የተጠማች የምትመስለው። የበሰበሰውን በመቀስ ቆረጡ፣ ከደረቅ ወንዝ አሸዋ አምጥተው ካዲስ አፈር ጋር ቀላቀሉ፣ መልሰው መስኮቱ ሥር አቆሟት። ቅጠሏ ሁሉ ረገፈ። ግንዷ ብቻ እንደ ክብሪት እንጨት ቀረ።

የመጨረሻው ንዴት ከዚያ በኋላ መጣ። ብዙወርቅ ባዶ ግንዷን አይታ «ወይኔ፣ ደርቃለች!» ብላ ብርጭቆዋን ልታጋድል ስትል ቆንጂት ዘላ እጇን ያዘቻት።

«እንዳታደርጊው!»

«ውሃ እኮ ነው!»

«ውሃ ነው የገደላት!»

«ውሃ ሰው ሲከለክል አይቻለሁ፤ ስጦታ ሲከለክል ግን ዛሬ ገና አየሁ። ምን ዓይነት ንፍገት ነው?» ብላ አኩርፋ ወጣች። ከፎዚያ በቀር ማንም አላመናትም። አባ ጅሎ እንኳ «ልጄ፣ ውሃ አይገድልም» ብለው ሳቁባት።

ትናንት ከግንዷ ጎን የድንቢጥ ምላስ የምታክል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብላለች። ቆንጂት እስካሁን የሆነውን ለእናቷ አልነገረችም። ፈርታ። ፋሲካም ደርሷል፤ አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው የሚዳስሱት ይህችኑ ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በሄሉ በኩል ካለፋችሁ ቆንጂት ቤት ግቡ፤ ውሃ ትሰጣችኋለች፣ ደግ ሴት ናት። የሰጠቻችሁን ጨርሳችሁ ጠጡ። ከተረፋችሁ ደጅ ዶሮዎች አሉ። መስኮቱ ሥር ያለችውን ግን ብታሳዝናችሁም እለፏት፤ አደራችሁን።