በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት

አባቴና ታላቅ ወንድሜ ለሁለት ዓመት በስልክ አልተነጋገሩም፤ በየእሑዱ ግን ኳስ ይጫወቱ ነበር። አባቴ ደብረ ታቦር በሚገኘው ቤታችን ሳሎን፣ ወንድሜ ሐዋሳ በተከራየው ቤት፣ ከየራሳቸው የጌም ማሽን ፊት ይቀመጡና ከቅዳሴ መልስ፣ ልክ በአምስት ሰዓት፣ በኢንተርኔት ይገናኛሉ። የሚነጋገሩትም እዚያው ጨዋታው ውስጥ ብቻ ነበር። የወንድሜ ድምፅ በቴሌቪዥኑ ይመጣል፤ የአባቴ ድምፅ ጆይስቲኩ ላይ ባለች ትንሽ ማይክሮፎን ይሄዳል። «አቀብል»፣ «ጥፋት ነው»፣ «ዳኛው የት አለ» ከሚሉት ያለፈ ቃል ግን እምብዛም አይሰማም ነበር።

የቅያሜው ምክንያት በአገራችን ለማንም ግልጽ ነው። ልጅ ሊያገባ ሲያስብ አባት ሽማግሌ መርጦ ወደ ሴቲቱ ቤተሰብ ይልካል። ይህ የአባት መብት ብቻ አይደለም፤ የአባት ሥራ ነው። ወንድሜ ሐዋሳ ላይ በማዘጋጃ ቤት፣ በምስክሮች ፊት ፈርሞ አገባና ለአባቴ በማግስቱ ደወለ። ይባስ ብሎ የሚስቱ ወላጆች የሚኖሩት አንበሳሜ ነው፤ ሽማግሌ ከቤታችን ተነሥቶ ግማሽ ቀን ሳይሞላ የሚደርስበት። አባቴ «እንኳን ደስ አለህ» ብለው ስልኩን ዘጉ፤ ከዚያ ወዲያ ሲደውልም አላነሡለትም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወንድሜ ማሽኑን በአውቶቡስ ጭኖ በእኔ ስም ላከው። ገመዱን የቀጠልሁትም፣ በአባቴ ስም አካውንት የከፈትሁትም እኔ ነኝ። አባቴ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ በኋላም ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በየዓመቱ ጳጉሜን ስትገባ በባሕረ ሐሳብ የመጪውን ዓመት አጽዋማትና በዓላት አስልተው፣ በአንድ ወረቀት ጽፈው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፤ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ይገለብጣል። እንዲህ ያለ ሰው የጌም ማሽን ይንቃል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን በሦስተኛው ሳምንት የማዕዘን ምት በስንት ዲግሪ መመታት እንዳለበት ያስረዱኝ ጀመር።

ነገሩ የተበላሸው በኅዳር ወር፣ በአንድ እሑድ ነው። ወንድሜ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጎል አስቆጥሮ አሸነፈ። አባቴ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አሳረፉና፣

«ጎልህም እንደ ሰርግህ ነው፤ ካለቀ በኋላ እሰማለሁ» አሉ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ጋብቻው የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ወንድሜ ከጨዋታው መውጣቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ታየ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስታዳምጥ ነበርና፣

«እንግዲህ ያችንም ቀዳዳ ድፈኗት» አለቻቸው።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ከሥራ ስመለስ አባቴ ጠሩኝና፣ «እሑድ ለወንድምህ የምነግረው ነገር አለኝ» አሉኝ።

«ልደውልለትና ላገናኛችሁ፣ አባባ?»

«የለም። ስልክ አንሥቼ ስናገር ፍርድ ይመስላል። ኳስ እየገፋሁ ስናገር ግን ወሬ ነው። አንተም እንዳትደውል፤ ታናሽ ለታላላቆቹ ሽማግሌ አይሆንም።» ከዚያም ወደ ማሽኑ እያመለከቱ፣ «ደግሞ ይኸ ሣጥን ከትናንት ጀምሮ አላስገባ ብሎኛል፤ እስቲ እየው» አሉ።

ከፈትሁት። ማሽኑ ይሠራል፤ ጨዋታውም ይነሣል፤ አካውንቱ ውስጥ ለመግባት ሲጠየቅ ግን ጥቂት ያስብና «መግባት አልተቻለም፤ ቆይተው ይሞክሩ» ይላል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ መብራት ጠፍቶ ነበርና ነገሩ ከዚያ ጋር የተያያዘ መሆኑን ወዲያው ጠረጠርሁ። በዚህ አልተሳሳትሁም። የተሳሳትሁት ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሁሉ ነው።

እሑድ አምስት ሰዓት ላይ የአባቴ ስም ካልታየ ወንድሜ አንድ ነገር ብቻ እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ አባቴ በዚያች ቃል ጨዋታውንም ዘግተውታል ብሎ። ይህን እያወቅሁም አልተጨነቅሁም። የጠፋን ነገር ከቅርቡ ወደ ሩቁ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እየሄዱ መፈለግ ልማዴ ነው፤ እንዲህ ፈልጌ ያጣሁት ነገር ጥቂት ነው። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ስልኬ በዚያው ዋይፋይ ደኅና ይሠራል፤ ስለዚህ ኔትወርኩ ነጻ ነው። ቀጥሎ የይለፍ ቃሉን ጠረጠርሁ። አባቴ የመረጡት ቃል የአንድ መዝሙረ ዳዊት መነሻ ነበር፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በየጊዜው መልኩን ይለዋውጣል። ደጋግሜ ሞከርሁ፤ በኢሜይል አድሼ እንደገና ሞከርሁ፤ በመጨረሻ «ብዙ ጊዜ ስለሞከሩ ለጊዜው ታግደዋል» ተባልሁ።

«ምን አለህ?» አሉ አባቴ።

«ለጊዜው ታግደናል።»

«ዓርብ ነው፤ ጾምም ገብቷል። መታገዱ አይከፋም።»

ቅዳሜ ጠዋት መብራት ነበረ። እገዳው ተነሥቶ ስለነበር በዚያው ኢሜይልና በአዲሱ የይለፍ ቃል በስልኬ ለመግባት ሞከርሁ፤ ወዲያው አስገባኝ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። አካውንቱ ሕያው ነው፤ ቃሉ ትክክል ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው። የቀረው ማሽኑ ራሱ ብቻ ነው። ከገበያው በላይ ጌም ቤት ላለው ሰው ደወልሁ። ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ፣ «ፎርማት አድርገው ወንድሜ፤ ሁሉን ጠራርጎ አዲስ ይሆናል» አለኝ። ሁሉን ሲል የሁለት ዓመት ጨዋታ ማለቱ ነው፤ እያንዳንዱ እሑድ ከነውጤቱ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል። ለአባቴ ነገርኋቸው።

«ጣራው ቢያፈስበት ቤቱን የሚያፈርስ ሰው ነው?»

«መፍትሔ ነው ያለውን ነው የነገርሁዎት።»

«ለእርሱ መፍትሔ ነው። ተወው።»

ወዲያው መብራት ሄደና እስከ ማምሻው አልተመለሰም። ሲመለስ አባቴ እጃቸው እንዳይፈዝ ብለው ከማሽኑ ጋር ብቻቸውን አንድ ጨዋታ ተጫወቱ። ውጤቱንም አስቀመጡት።

እሑድ ማለዳ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ እኔን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ አገኘችኝ።

«ለሣጥን ብለህ ቅዳሴ ልትቀር ነው?»

«ተይው» አሉ አባቴ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «እርሱም ዛሬ አገልግሎት ላይ ነው።»

ብቻዬን ስቀር የተቀመጡትን ጨዋታዎች ዝርዝር ከፈትሁ፤ ነገሩ ወደ ፎርማት ከደረሰ ቢያንስ ውጤቶቹን በወረቀት ልገለብጣቸው አስቤ ነበር። ዝርዝሩ ከአዲሱ ወደ አሮጌው የተደረደረ ነው። የአባቴ የትናንቱ ጨዋታ ከሁሉ በላይ መሆን ነበረበት። ከላይ ያገኘሁት ግን ያንን ክፉ እሑድ ነው። ወደ ታች ወረድሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ወረድሁ። የትናንቱ ጨዋታ ከሁሉ በታች፣ ከመጀመሪያው ጨዋታ እንኳ ሥር ተቀምጦ ነበር። ማሽኑ ትናንትን ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው የሚያረጅ ቀን አድርጎ መዝግቦታል።

ያን ጊዜ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀኝ ጥግ ቀና አልሁ። አራት ሰዓት ከሩብ ይላል። የእጄን ሰዓት አየሁ፤ አራት ሰዓት ከሩብ። ከዓርብ ጀምሮ ያንን ጥግ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ትክክለኛ ስለነበረ አላየሁትም። የማሽኑ ሰዓት ትክክለኛ መሆን አልነበረበትም፤ ዓለም በሚቆጥርበት አቆጣጠር ዐሥር ሰዓት ከሩብ ማለት ነበረበት። ቀኑንም ከፍቼ ተመለከትሁ። ዕለቱ የእኛ ዕለት፣ ወሩ ሦስተኛ፣ ዓመቱም የእኛ ዓመተ ምሕረት። ማሽኑ ግን ሦስተኛውን ወር የፈረንጆቹ መጋቢት አድርጎ ቆጥሮት፣ ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በፊት ይኖር ነበር። ስሕተቱን ያደረገው ሰው ኅዳርን ሦስተኛ ወር ብሎ የሚቆጥር ነው፤ በቤታችን እንዲህ አጥርቶ ቀን የሚቆጥር አንድ ሰው ብቻ አለ።

ዝም ብዬ ላስተካክለው እችል ነበር። ነገር ግን የአባቴን ቀን ከጀርባቸው መለወጥ ደስ አላለኝም። አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ።

«አባባ፣ የማሽኑን ቀን የሞሉት አንቱ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ሐሙስ መብራት ሲመጣ ብከፍተው ቀኑን ረስቶታል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብሎ ጠየቀ፤ ነገርሁት። ሰዓትም ጠየቀ፤ ነገርሁት።»

«በእኛ አቆጣጠር ነው የሞሉት።»

«በማን ልሙላው?» አሉ፤ ከልባቸው ነበር የጠየቁት።

እናቴ ነጠላዋን እያጠፈች ሳቀች። «ጳጉሜን ብትሆን ምን ሊያደርግ ነበር?»

«እርሷንም ሞክሬያታለሁ። ዐሥራ ሦስተኛ ወር አይቀበልም። የጎደለ ሰዓት ነው።»

ሰዓቱ እየሄደ ስለነበር በአጭሩ አስረዳኋቸው። ማሽኑ ተጫዋቾቹን ወደሚያገናኘው ኩባንያ በር ሲደርስ፣ በሩ የእውነት የኩባንያው መሆኑን የሚያስረዳ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያሳዩታል። ደብዳቤው ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የጸና ነው ተብሎ ተጽፏል። ማሽኑ የራሱን ቀን ያያል፤ ደብዳቤውንም ያያል። ቀኖቹ ካልተስማሙ ሐሰተኛ በር ነው ብሎ ይመለሳል።

አባቴ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ቆመው ሰሙኝ።

«ገና ያልተጻፈ ደብዳቤ ነው ያሳዩት» አሉ።

«አዎን።»

«እንግዲህ ማሽኑ አላጠፋም። ጠንቃቃ ሰውም ቢሆን አይቀበልም። ግን እኔ ቤት ተቀምጦ የሰው አገር ዓመት እንዲናገር ነው የምትፈልገው?»

«እሑድን በእኛ ያውቃታል፣ አባባ። ዓመቱን ብቻ ነው በእነርሱ የሚለው። ወንድሜ ያለው በዚያ በር ውስጥ ነው።»

ጆይስቲኩን ከእጄ ወሰዱና ተቀመጡ። እኔ ቀኑን ለመገልበጥ ስልኬን ሳወጣ፣ እርሳቸው በአፋቸው «በኅዳር ዘጠኝ ጨምር» ብለው ዕለቱን ሞልተው ነበር። ወሩን ሞሉ፤ ዓመቱን ሞሉ፤ ከሰዓቱም ላይ ሲደርሱ ስድስት ጨመሩ። ስልኬ ያሳየኝ ከእርሳቸው ጋር አንድ ነበር። ማሽኑ ጥቂት አሰበ። አስገባን።

የወንድሜ ስም በርቶ ይጠብቅ ነበር። ሰዓቱ አምስት ካለፈ ስምንት ደቂቃ ሆኗል።

«አባባ?» አለ ድምፁ። «የቀሩ መስሎኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስምዎን አላየሁትም።»

«አልቀረሁም። ሰዓቴ ልክ ነበር፤ ሣጥኑ ነው ያልገባው።»

እኔና እናቴ ተያየን። ጨዋታው ተጀመረ። ዐሥር ደቂቃ ያህል የተለመደው ብቻ ተባለ፤ አቀብል፣ ጥፋት ነው። ከዚያ አባቴ ዓይናቸውን ከኳሱ ሳይነቅሉ፣

«ዘንድሮ ነነዌ ቶሎ ትገባለች» አሉ። «ከጥምቀት በኋላ ያለችን ሁለት ሳምንት ናት።»

«ለምኑ፣ አባባ?»

«ሽማግሌ አንበሳሜ ለመላክ። ሦስት ሰው መርጫለሁ። ዘግይቷል አይበሉኝ እንጂ ይሄዳሉ።»

በሜዳው ላይ ያሉት የወንድሜ ተጫዋቾች ቆሙ፤ ኳሱን የያዘው ልጅ ዝም ብሎ እንደ ምሰሶ ተገተረ። አባቴ ቀረብ ብለው ነጠቁት፣ ግማሹን ሜዳ ማንም ሳይነካቸው ሄዱ፣ ከመረቡም አሳረፉት።

«ይህችንም ካለቀች በኋላ ስማት» አሉ።

ከወዲያ መጀመሪያ የተሰማው የወንድሜ ድምፅ አልነበረም። የሴት ድምፅ ነበር፤ ከማይክሮፎኑ ራቅ ብላ የተቀመጠች።

«አባባ፣ ይኸ ጎል አይጸድቅም። ሰው እያስለቀሱ ነው ያስቆጠሩት።»

አባቴ ጆይስቲኩን አወረዱ። ድምፅዋን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። እናቴ ሳታስበው ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዳኛዋ ማን ናት?» አሉ አባቴ።

«የአንበሳሜ ልጅ ነኝ።»

«እንግዲያው ለአባትሽ ንገሪያቸው። ጥምቀት በዋለ በስምንተኛው ቀን።»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?» አለ ወንድሜ፤ ድምፁ ገና አልጠራም።

አባቴ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ራሳቸው ወረቀት፣ ቀና አሉ። በዚያ ቀን አጠገብ በእርሳስ የተሠራች ትንሽ ክብ እንዳለች ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«በእኛ» አሉና ኳሱን መሀል ሜዳ ላይ አስቀመጡት።