ቀና ያለችው ልብስ ሰፊ

የቴሌቪዥን ጣቢያው ሰዎች «መቀሱ» ይሉታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማህደር ክፍል ውስጥ ፊልም ሲቆርጥና ሲቀጥል ኖሮ፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ቀርቶታል። እናቱን አያውቃትም። ዓመት ሳይሞላው ሞተችበት፤ ፎቶ እንኳ አልቀረላትም። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። «ምን ትመስል ነበር?» ባላት ቁጥር፣ «ምኑን ልንገርህ፣ ቆንጆ ነበረች» ትለዋለች። ቆንጆ የሚባል መልክ አለ እንዴ!

አንድ ምሽት ሁለቱ የሳይንስ ፕሮግራም ያያሉ። ምሁሩ፣ ከኮከብ የወጣ ብርሃን ኮከቡ ከጠፋም በኋላ መንገዱን እንደሚቀጥል አስረዳ።

«እንግዲያው የእማዬ ፊት ብርሃንም እየሄደ ነዋ» አለ መቀሱ።

«ሩጥና ድረስበት!» ብላ ሳቀችበት።

ቀጥሎ ድራማ መጣ። ታሪኩ የድሮ ስለሆነ ከማህደር የወጣ የከተማ ፊልም አስገብተውበታል፦ አውቶቡስ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች፣ ሱቅ በር ላይ ማሽኗ ላይ ያቀረቀረች ልብስ ሰፊ። እህቱ ብድግ አለች።

«ወይኔ እማዬ! ሱቃችን ነው! መስኮቱን የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ!»

ሴትዮዋ ቀና ልትል ስትል ምስሉ ተቀየረ።

መቀሱ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አደረ። ጠዋት ማንም ሳይገባ ማህደር ክፍል ደርሶ ጥቅልሉን ማሽን ላይ አዞረው። አቀረቀረች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ አገጯ ከፍ አለ፤ ከዚያ አውቶቡስ። መሃል ላይ ፊልሙ ተቆርጦ በፕላስተር ተቀጥሏል፤ የፕላስተሩ ጠርዝ በሰያፍ ተከርክሟል። በዚያ ክፍል እንዲህ የሚከረክም አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሥራ በጀመረ ሰሞን አለቃው የድሮ ፊልሞችን አስረክቦት፣ «ካሜራ የሚያይ መንገደኛ ፊልም ያበላሻል፤ እየቆረጥክ ጣል» ብሎት ነበር። እሱ ደግሞ ታዛዥ! ስንቱን ፊት ቅርጫት ውስጥ ጣለ። ቅርጫቱም በየሳምንቱ ይቃጠል ነበር።

ማታ እህቱ ቤት በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። «አገኘሃት?»

«ቀና ስትል ቆርጫታለሁ፣ እትዬ። በገዛ እጄ ነው የጣልኳት» አለና ሆድ ብሶት እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ስትቆርጥ ታያለህ አይደል?» አለችው ቀስ ብላ።

«አንድ በአንድ፣ በመብራት ነው የምናየው።»

«እንግዲያው አይተሃታል።»

መቀሱ መዳፉን ዓይኑ ላይ ጫነ። «አይቻታለሁ» አለ። «አላስታውሳትም።»