የአማቴ አሪቲ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ሰዓዳ እጄን ይዛ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ከጅዳ ከተመለሰች ወዲህ ዕረፍት ነስታኛለች፤ ባስል ሐኪም፣ ባነጥስ ሐኪም። ወጣቱ ሐኪም አፍንጫዬን በባትሪ አየና፣ «እናቴ፣ የሚያሳክክዎ ምን ሲነካዎ ነው? አቧራ? ድመት? የአበባ ብናኝ?» ሲል ጠየቀኝ።

«አማቴ ናት» አልኩት።

ሰዓዳ በሻሿ አፏን ሸፈነች፤ ሐኪሙም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ምን ላድርግ፣ እውነቴን እኮ ነው።

የተወለድኩት ከውጫሌ ወጣ ብሎ፣ አምባሰል ተራራ ሥር ነው። በጥር፣ እህል ጎተራ ገብቶ የሰው እጅ ሲፈታ፣ ለሐይቁ ዳር ልጅ ለሰይድ ተዳርኩ። ውጫሌ ገበያ አይቼው ፈገግታውን ወድጄለት ነበርና ማንም አላስገደደኝም። አውቶቡሱ ኩርባውን ዞሮ ሐይቁ ፊቴ ላይ ቦግ ሲል፣ ይሄን ውሃ በየቀኑ ላየው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አማቴ እማ ከድጃ ሙሽራ የምታከብርበት የራሷ መንገድ ነበራት። በየማለዳው ከውሃው ዳር ትኩስ ቄጠማ ታጭዳለች፤ ከደጃፏ አበባ የያዘ አሪቲ ትቀነጥባለች፤ ሁለቱን ቀላቅላ ከበሩ እስከ መኝታዬ ትጎዘጉዛለች። ራስጌዬ ሳይቀር አንድ እቅፍ ታኖርልኛለች። ጎረቤቱ ሁሉ «ምራቷን በአሪቲ አንበሸበሸቻት» ይል ነበር።

እኔን ግን ገና በመጀመሪያው ጧት አፍንጫዬን በላኝ። ከዚያ ጉሮሮዬን፣ ከዚያ ጆሮዬን። ዓይኔ ያለቅሳል፣ አፍንጫዬ ይወርዳል፤ በነጠላዬ ጫፍ ፈትጌ ፈትጌ ቲማቲም አስመሰልኩት። አይ መከራ! እንዳልናገር ደግሞ በእኛ ዘንድ ሙሽራ ከመልሷ እስክትመለስ ለአማቷ ድምጿን ማሰማት ነውር ነው። ብናገርስ ምን ልል? ምክንያቱን እኔም አላውቀው።

አንዷ ጎረቤት «የተራራ ልጅ ናት፣ የዓሣው ሽታ ነው» ብላ ፈረደች። ዓሣ ከቤት ተከለከለ፤ ያንን በበርበሬ የተለወሰ ጥብስ ለምጄው ነበር፣ በጣም አማረኝ። ሌላዋ «የሰው ዓይን ነው» ብላ ሽማግሌ አስመጣች። ሽማግሌው ረጅም ዱዓ ሲያደርጉልኝ፣ አሚን በምልበት ሁሉ አነጠስኩ። የአማቴ ልብ ግን ሌላ ነበር የሚላት፦ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ አገሯ ናፍቋታል፣ ልጄን አልወደደችውም። ታዲያ ምን ታድርግ? አሪቲውን ጨመረችበት።

አንድ ምሽት ሰይድ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ «ካልወደድሽኝ ንገሪኝ፤ በግድ አላኖርሽም» አለኝ።

«ኧረ ወድጄሃለሁ!» አልኩት፤ እንባዬ እየወረደ።

«እያለቀስሽ?» አለና ወጥቶ ሐይቁ ዳር ተቀመጠ።

ለመልስ አባቴ ቤት ስንሄድ ነገሩ ባሰ። ገና ከመድረሴ አፍንጫዬ ተከፈተ፣ ዓይኔ ደረቀ። ገንፎዬን በላሁ፣ ከእህቶቼ ጋር ተንጫጫሁ፣ ሳቅሁ። ሰይድ ጥግ ሆኖ ያየኛል፤ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። ኋላ አባቴን ለብቻው ጠርቶ፣ «ልጅዎ እኔ ቤት ስቃ አታውቅም። እዚሁ ትቅርልዎ፤ ቂም የለኝም» አለው። እናቴ ይህን ሰምታ ነገረችኝ። ወላሂ፣ ያን ቀን የምሬን አለቀስኩ።

በማግስቱ አማቴ ሳትጠራ በአውቶቡስ መጣች። ወሬው ደርሷት ኖሯል። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አጠገቧ አስቀመጠችኝና ከጋቢዋ ውስጥ አንድ እቅፍ አሪቲ አወጣች።

«የኔ ዓለም፣ ካልተመለስሽም አልቀየምሽም። ይሄ እንኳ ያስታውስሽ» ብላ ፊቴ ላይ አስጠጋችው።

እንጥሽ! ደገምኩ፣ ሠለስኩ፤ እንባዬ ጎረፈ።

«ውይ! ይቺ ልጅ አሁን ደህና አልነበረች?» አለች እናቴ።

አማቴ አሪቲውን አየች፣ እኔን አየች። ተነስታ ደጅ አስቀመጠችውና ተመልሳ ፊቴን ስታጠና ቆየች። አፍንጫዬ ተረጋጋ። ደግሞ ሄዳ አመጣችው። እንጥሽ!

«ያ አላህ! እኔ ነኝ ለካ ሳስለቅሳት የከረምኩት!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች።

ያኔ አላስቻለኝም፤ ነውሩ ይቅር አልኩና ለመጀመሪያ ጊዜ አናገርኳት። «እማ፣ ልጅዎን ወድጄዋለሁ። አሪቲዎን ነው ያልቻልኩት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰይድ ብቻ ዓይኑን እየጠረገ ወደ ደጅ ወጣ፤ እሱን ምን እንዳስለቀሰው አላህ ይወቅ።

ሐይቅ ስንመለስ አማቴ ያን ሁሉ ዘመን ያሳደገችውን አሪቲ በገዛ እጇ ነቀለችው። ሽታውን እንዴት ትወደው እንደነበር የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ መቀነቷ ላይ ሳትሰካ ገበያ አትወጣም ነበር። በቦታው ጎመን ዘራች። «ጎመን አያስነጥስም» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳችውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ታማ አልጋ በያዘች ጊዜ፣ ከጎረቤት ጓሮ አሪቲ ቀነጠብኩና እያነጠስኩ ራስጌዋ አኖርኩላት። አሸተተችው፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ተይው ልጄ፣ ያስለቅስሻል።»

«ግድ የለም እማ፣ ዛሬስ ያስለቅሰኝ» አልኳት።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማኝና፣ «አሁን አሪቲ ቤትዎ አለ?» አለኝ። አማቴ ከሞተች ወዲህ ጓሮዬ የተከልኩት አለ አልኩት። «እንዴ፣ ይንቀሉት እንጂ!» አለና ክኒን ጻፈልኝ።

ክኒኑን እንደታዘዝኩት እውጣለሁ። የሚያሳክከኝንስ ድሮ አውቄዋለሁ፤ ማወቅና መተው ግን ለየቅል ናቸው። አሪቲው ሲያብብ ጓሮ ወጥቼ ጎንበስ ብዬ አሸተዋለሁ። ሰዓዳ ደርሳ፣ «አያቴ፣ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» ስትለኝ፣ «አለርጂ ነው» እላታለሁ።