ሌባ የተባለው አንበሳ

ሽማግሌው ደብተራቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሲሰጡኝ ዓይኔ የሄደው ወደ ግቢው በር ነበር። ማን አይቶን ይሆን?

የምንኖረው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ፣ ስድስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። እሳቸው የኋላዋን ክፍል ከተከራዩ ሦስት ወር አልሞላቸውም። የዱር አራዊት ጠባቂ ነበርኩ ይላሉ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ አዳኝ። ጠያቂ ዘመድ የላቸውም፤ መስኮታቸው በቀጥታ የእኛን ሳሎን ያያል። እኛ ደግሞ የምንሸሽገው ነገር ነበረን። ደርግ ጸሎት ቤታችንን ካሸገው ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ ከእኛ ጋር አራት ቤተሰብ ቤታችን እየተሰበሰበ፣ መጋረጃ ጋርዶ፣ ድምፁን ዋጥ አድርጎ ይዘምራል።

«መሥሪያ ቤት ታይፕ እንደምትመቺ ሰምቼ ነው» አሉኝ። «ያየሁትን ጽፌዋለሁ፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ግን ጽሑፌን የሚያነበው የለም።»

ከማን ሰሙ? አልጠየቅኋቸውም። ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ብዙ አሰበ።

«እምቢ ካልሽ፣ ምን የምትፈራው አላት ይላሉ። እሺ ካልሽም ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ተቀበዪውና ቃል አትጨምሪ፣ ቃል አትቀንሺ» አለኝ።

መሥሪያ ቤቴ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲወጣ በካርቦን ሁለት ሁለት ቅጂ መምታት ጀመርኩ። መጀመሪያ እያንዳንዱን መስመር የማነበው የተቀበረ ነገር እየፈለግሁ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ መፈለጌን ረሳሁት።

በቆላ፣ ወንዝ ዳር ባለ መንደር አንድ ያረጀ አንበሳ ፍየል ይለምዳል፤ በመጨረሻ ሰው ያቆስላል። እሳቸው ግደል ተብለው ይላካሉ። ዘጠኝ ቀን ይከተሉታል። በአራተኛው ቀን ወደ ኋላ ሲመለሱ ዱካውን በራሳቸው የጫማ ምልክት ላይ ተደርቦ ያገኙታል። ለካ እሱም ይከተላቸው ኖሯል!

እኔ የአዳኝ ወሬ የማውቀው በፉከራ ነው። እሳቸው ግን «ፈራሁ» ብለው ጽፈዋል። ዛፍ ላይ ሲወጡ አንድ ጫማቸው ወድቆ ባዶ እግራቸውን በሻርፕ ጠቅልለው መዋላቸውን ጽፈዋል። የአንበሳውን ርዝመት «አምስት ክንድ» ብለው ኖሮ፣ ሰርዘው «አልለካሁትም» ብለውታል። እዚያች ስርዝ ላይ አመንኳቸው። ወዲያው ደግሞ ማመኔ አስፈራኝ። ጎበዝ ሰላይስ እንዲህ አይደል የሚጽፈው?

በዘጠነኛው ቀን አንበሳውን ግራር ሥር በረሃብ ሞቶ ያገኙታል። «ድኩላውንና ሚዳቋውን ለሥጋውም ለቆዳውም ብለን እኛ ጨረስነው። እኔም አለሁበት። ፍየል ሲበላ ሌባ አልነው» ብለው ይጨርሳሉ። ከዚያ ወዲህ ለአደን ጠመንጃ አላነሱም።

በሳምንቱ የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ አስጠራኝ። እኔ ቅርጫት የጣልኩት ያገለገለ ካርቦን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ወደ መስኮቱ አንስቶ በብርሃን አነበበው።

«ይህ ያረጀ አንበሳ ማነው?»

«አንበሳ ነው፣ ጓድ።»

«‹ሌባ አልነው› ይላል። እኛ ማን ነን?»

አንበሳ የማን ምልክት እንደነበር፣ ከቤተ መንግሥት ሲወሰድ «ሌባ» ተብሎ የተጮኸበትም ማን እንደነበር የአራዳ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«አዳኞቹ ናቸው፣ ጓድ» አልኩ።

«የጻፈው ሰው ነገ እዚህ ይምጣ።»

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ሽማግሌው ክፍል ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ማነው የላከዎት?»

ከበርጩማቸው ሳይነሱ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ የሐሙስ መዝሙራችሁን ከገባሁበት ሳምንት ጀምሮ እሰማለሁ። ጫካ ውስጥ ቅጠል ሲነካ ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ ነው፤ መጋረጃ አይከለክለውም። የተላክሁ ብሆን ደብተር ምን ያደርግልኛል?»

ካድሬው ነገ እንደሚፈልጋቸው ነግሬያቸው ወጣሁ። ማታ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። «አሁን ደግሞ ማወቃቸውን ነገሩን» አለና በዚያ ሐሙስ ማንም እንዳይመጣ ለሦስቱም ቤተሰብ ላከባቸው።

በማግስቱ ሽማግሌው ጢማቸውን ተላጭተው፣ የጥበቃ ካኪ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ካድሬው «ግባ!» ብሎ በሩን ዘጋ። እኔ ወረቀት ማሽኑ ላይ አስገብቼ፣ አንድ ፊደል ሳልመታ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የሚሰማው የካድሬው ድምፅ ብቻ ነበር። ቆየት ብሎ የእሳቸው ተከተለ፤ ዝግ ያለ፣ ረዥም። ከዚያ ካድሬው፦

«ከኋላዎ ነበር እንዴ?» ሲል ሰማሁት። አንተ ብሎ ያስገባቸውን ሰው!

ሲወጡ ካድሬው፣ «የቀረውን ምቺላቸው። አንድ ቅጂ ለእኔ» አለኝ። ለማስረጃ ይሁን ለማንበብ ከፊቱ መለየት አልቻልኩም።

ሌሎቹን አራት ታሪኮችም ሦስት ሦስት ቅጂ መታሁ። አንዴ ገጽ ዘልዬበት ኖሮ ካድሬው ወንበሬ ድረስ መጥቶ «ከርከሮው የት ገባ?» ብሎ ተቆጣኝ።

ሽማግሌው ጽሑፉ እንዲታተም ፈቃድ ጠይቀው ነበር፤ መልሱ ሳይመጣ እህታቸው ዘንድ ለመኖር አገር ቤት ገቡ። አባቴ እስከዚያ ቀን ከሰላምታ ሌላ ቃል አልሰጣቸውም ነበር፤ ያን ዕለት ሻንጣቸውን እስከ አውቶቡሱ ተሸከመላቸው። አንዱ ቅጂ እኔ ዘንድ ቀረ። ዛሬ ወረቀቱ ሳስቷል፣ የሚዋሰው ግን አላጣም። ወጣቶቹ አንብበው ሲመልሱልኝ የሚጠይቁኝ ስለ ጫማዋ ነው። ሽማግሌው እመኑኝ ስለማይሉ ይመስለኛል ጽሑፋቸው የማይሰለቸው፤ ያላዩትን አላየሁም ይላሉ። ሁሉም ሁሉን አውቃለሁ በሚልበት ዘመን እንዲህ የሚል ሰው ብርቅ ነበር።

ሽማግሌው ከሄዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ካድሬው ኮሪደር ላይ አስቆመኝ።

«ሽማግሌው የት ሄዱ? ሌላ ታሪክ አይጠፋቸውም።»

የእህታቸው አድራሻ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«አልነገሩኝም፣ ጓድ» አልኩት።

ትንሽ ቆሞ አየኝና ቅር እንዳለው ሰው ወደ ክፍሉ ገባ። የፈለገው ታሪኩን ብቻ ከነበረ በድዬዋለሁ።