ሽማግሌዎቹ የረሱት ጉዳይ

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ነሐሴ ላይ ነው። በሰው ፊት መናገር ከልጅነቴም አልችልበት። አንድ ቃል ሳይወጣኝ ትልቅ ነገር የተናገርሁት ያን ጊዜ ስለሆነ፣ ባስታወስሁት ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

ኢንጅባራ ከእናቴ ጋር አረቄ እናወጣ ነበር። ድፍድፉ እሳት ላይ ሲሞቅ ቀድሞ የሚተነው ኃይለኛው ነው፤ ውሃው ይዘገያል። እንፋሎቱ በቀርከሃው ቱቦ አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ማሰሮ ሲደርስ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ የሚወርደው ጉሮሮ ያቃጥላል፤ መጨረሻ የሚወርደው ውሃ ውሃ ይላል። ስለዚህ በየጠርሙሱ እንለየዋለን።

የምወደው አስማረ ሽማግሌ ላከ። በፈረስ፣ ዝናብ ደብድቧቸው መጡ። አባቴ፣ «እንግዳ ሳይሞቀው ጉዳይ አይጠየቅም፤ ከመጀመሪያው ቅጂ» አለኝ። ቀድቼ ከበሩ ኋላ ተደበቅሁ።

ጆሮዬን አቁሜ ብጠብቅ ወሬው ሁሉ ፈረስ ሆነ።

«የእኔ ቦራ ዳንግላ ድረስ ላብ አያውቀውም!»

«ያንተ ቦራ ዳንግላ ሲደርስማ ገበያው ተበትኗል!»

በመጨረሻ ተቃቅፈው ወጡ። ትልቁ ሽማግሌ አያ ፈንታማ አህያችን ላይ ሊወጡ ሲሉ ነው የተያዙት። የእኔን ነገር ማንም አላነሳም።

በማግሥቱ አስማረ ደወለ።

«አባትሽ ምን አሉ?»

«ምን ተጠይቀው?»

«ሽማግሌዎቹ አልጠየቁም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ለካ ሽማግሌዎቹ «በክብር ተቀበሉን» ብቻ ብለውታል። አባቴ ደግሞ ሳይጠየቅ አይሰጥም፤ ከጫግኒም የሌላ ሰው ሽማግሌ ሊመጣ ነው ይባል ነበር። እንቅልፍ አጣሁ።

በሳምንቱ የአስማረ ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ። አባቴ አሁንም፣ «ከመጀመሪያው ቅጂ» አለ። እኔ ከመጨረሻው ቀዳሁ። ለእንግዳ እንዲህ ያለውን ማቅረብ ቤት ማዋረድ ነው፤ ቢሆንም አቀረብሁ።

አያ ፈንታ ቀመሱ። አዩኝ። ደግመው ቀመሱ። አባቴም ቀምሶ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ አንቺ?»

መሬት መሬቱን አየሁ።

አያ ፈንታ ሳቃቸው መጣ። «ተዋት ወንድሜ። ልጅቱ ሰክረን ጉዳያችንን እንዳንረሳ ብላ መልሷን ቀድታልናለች፤ የዘገየነው እኛ ጠያቂዎቹ ነን።» መለኪያውን አስቀምጠው ተነሡና ጉዳዩን ተናገሩ። አባቴ ሊቆጣ ጀምሮ ሳቁ አሸነፈው።

ዛሬ የአስማረ ሚስት ነኝ። አያ ፈንታ ቤታችን በመጡ ቁጥር ገና ከደጃፍ፣ «ልጄ፣ ዛሬ ጉዳይ የለኝም፤ ከመጀመሪያው ቅጂ!» ይሉኛል። እኔም አሁንም አፍራለሁ፤ ግን እየሳቅሁ እቀዳለሁ።