የሸራ ሰፊዋ ሰዓቶች

ሌላው ሰው ቂም ይይዛል፤ አክስቴ ግን ቂም ትቀልባለች፣ ታሳድጋለች። ቂሟም ያለው አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ላይ። እሱም አባቴ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አያቴ የሞተ ጊዜ ነው። አያቴ ዕድሜውን ሙሉ ሐይቁ ዳር የሸራ ጀልባ ውድድር አስነሺ ነበር። ከእጁ የማይለያት ሰዓት ነበረችው፤ ፊቷ ላይ አምስት ትንንሽ ክብ መስኮቶች አሏት። ጡሩምባ ነፍቶ ቁልፏን ሲጫን፣ መስኮቶቹ በየደቂቃው አንድ አንድ እያሉ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ይለወጣሉ። አምስቱም ሲቀሉ ጀልባዎቹ ይለቀቃሉ፤ ቀድሞ መስመሩን ያለፈ ተመልሶ ይነሳል። አክስቴ በልጅነቷ ከጎኑ ቆማ ባንዲራ ታወርድ ነበር። አልጋ ላይ ሲውልም ያጠበችው፣ ያጎረሰችው፣ ያገላበጠችው እሷ ናት። አባቴ፣ ያ ጀልባ ገና ሲያይ የሚያቅለሸልሸው ሰው፣ ለቀብር መጣና ሰዓቷን አስሮ ሄደ። ዘመድ አዝማዱም "ወንድ ልጅ አይደል?" ብሎ አጸደቀለት።

"ወንድ ልጅ!" ትላለች አክስቴ እስከ ዛሬ፣ መርፌዋን ሸራው ላይ እየሰካች። "ወንድነቱ የሚሠራው ለሰዓት ብቻ ነው እንዴ? አንሶላ ሲቀየር የት ነበር?"

አክስቴ የጀልባ ሸራና የመኪና ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ሙሉ ጥቅል ሸራ፣ መሃሉ ላይ እንደ በሬ የሚያጓራ የስፌት መኪና። እኔ የሸራ ጫፍ እየያዝኩ አብሬያት እሠራለሁ። ያቺን ሰዓት ካጣች ወዲህ በእልህ አምሳያዎቿን መሰብሰብ ያዘች። አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ጋ፣ ሟች ቤት ጨረታ ላይ፣ የጀልባ ውድድር ሰዓት ካለ አክስቴ አለች። ጫማዋ አፉን ከፍቶ እሷ ሰዓት ትገዛለች። ክር መሳቢያ ውስጥ ደርድራቸዋለች፤ ሥራ ሲበርድ እያወጣች ቁልፋቸውን ትጫንና መስኮቶቹ ሲቀሉ ታያለች። የአባቷ ግን የለችም። ይሄ አንጀቷን ያሳርራታል።

በሰብሳቢዎች ዘንድ አንድ ሕግ አለ፦ የአሮጌ ሰዓት ውስጧ ይጸዳል፣ መልኳ አይነካም። ፊቷ ቢጫ ይሁን፣ ጎኗ ይጫር፣ እንዳለች ትኖራለች። "ክብሯ እድፏ ነው" ትላለች አክስቴ። የተወለወለችና ፊቷ እንደገና የተቀባች ሰዓት ማንም ዞር ብሎ አያያትም።

አንድ ቀን አባቴ ሰዓቷን በመሐረብ ጠቅልሎ ሱቅ መጣ።

"እታለም፣ መቼም ይሄን ነገር ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ላሳምራት ብል ምን ላድርግ?"

አክስቴ የስፌት መኪናውን አቆመች። ሊሸጣት ነው አልኩ በልቤ፤ እሷም እንዲያ እንዳሰበች ከፊቷ ታወቀኝ። ሰዓቷን አገላብጣ አየችና ድንገት አንደበቷ ማር ሆነ።

"ወንድም ዓለም፣ እንዲህ አርጅታ ማን ያያታል? አስወልውላት። ፊቷንም አስቀባው፣ ጽሕፈቱ ደመቅ ይበል። እዚያ ማዶ ቀለበት የሚወለውል ሰውዬ አለልህ፣ እሱ ጋ ውሰዳት።"

"አንቺ ካልሽ አበቃ" ብሎ እየተደሰተ ወጣ።

ርቆ እስኪሄድ ጠበቀችና በሳቅ ፈነዳች። "ይሽጣት አሁን! የሚገዛው ካገኘ ይሽጣት! ለሱ ኪስ ከምትሆን ድራሿ ይጥፋ!" እኔም አብሬያት ሳቅኩ። አባቴ ቢሆንም የእጁን ነው ያገኘው። ያን ሰሞን አክስቴ ምግብ ተስማማት፣ እንቅልፍ ተስማማት፣ ደንበኛ እንኳ ሳትቆጣ ትውል ጀመር።

ከሳምንታት በኋላ አባቴ ትንሽ ሣጥን ይዞ ተመለሰ። ከፈተው። ሰዓቷ እንደ አዲስ ማንኪያ ታበራለች፤ ፊቷ ነጭ፣ ጽሕፈቱ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ የወፈረ። ጀርባዋ ላይ የአያቴ ስም ተቀርጾ ነበር፤ ተፍቆ ጨርሶ ለስልሷል።

"እንኪ" አላት። "ያንቺ ናት። ያኔ ዘመዶች ሲሰጡኝ እምቢ ማለት አቃተኝ፣ ከዚያ ደግሞ መመለሱ አሳፈረኝ። እንዲያ ቆሽሻ ከምሰጥሽ ብዬ ነው የጠየቅኩሽ። ያልሽውን ሁሉ አስደረግኩ። አማረች አይደል?"

"አምራለች። ተባረክ" አለች አክስቴ። ድምጿ ከየት እንደመጣ እንጃ።

አባቴ ጉንጯን ስሟት እያፏጨ ሄደ። አክስቴ የሰዓቷን ጀርባ በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳሰሰች። ላጽናናት ብዬ "ቢያንስ እጅሽ ገባች እኮ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ደም ለብሷል።

"የአባቴን ስም በገዛ አፌ አስፋቀኝ" አለች። "በደግነትም ቀደመኝ። ሰዓቷን የወሰደ ጊዜ እንኳ፣ አንድ ቀን ይቅር እለው ይሆናል ብዬ ነበር። ይህን ግን ሞቼም አልምረውም።"