የገሳይዋን ልጅ የመለሳት አበጀ ነው

አበጀ ሞተ ሲሉኝ "የትኛው አበጀ?" ብዬ ጠየቅኩ። ደብረ ታቦር ውስጥ እኔ የማውቀው አበጀ አንድ ብቻ ነው። ትናንት ከሰዓት ግን ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ሲያስር አይቼዋለሁ፤ ገመዱ ላልቷል ብዬም ተቆጥቼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ከቤቱ ሳይወጣ ልቡ ቀጥ አለ አሉኝ።

እስካሁን አላመንኩም።

ለማታውቁት፦ አበጀ ለልጆች ቴአትርና ሥዕል በነፃ በምናስተምርበት ድርጅት የንብረት ሠራተኛ ነበር። እኔ የሥልጠና ኃላፊ ነኝ፤ ቴአትሮቹን የምጽፈውም የማዘጋጀውም እኔ ነኝ። እሱ አልባሳት ይሰፋል፣ መጋረጃ ይሰቅላል፣ ልጆቹ ቃል ሲጠፋባቸው ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ በሹክሹክታ ያስታውሳቸዋል። እኩያዬ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ እሱ "መምህር" እያለ አንቱ ይለኝ ነበር፤ እኔ አንተ እለዋለሁ።

ከጠዋት ጀምሮ ፌስቡኩ በእሱ ፎቶ ተሞልቷል። ያስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ "አባታችን" እያሉ ይጽፋሉ። አንዷ "ጫማዬ ሲቀደድ ሰፍቶልኛል" ትላለች። አንዱ ደግሞ "መድረክ ላይ ስቆም የማየው እሱን ነበር" ብሏል። ይህን ልጅ ድምፅ አወጣጥ አንድ ዓመት ሙሉ ያለማመድኩት እኔ ነኝ። "ወደ ጎን አትይ" እያልኩ ስጮህበት ለካ የሚያየው አበጀን ነው።

ቀናሁ። በሞተ ሰው ይቀናል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ቀንቻለሁ፤ በሕይወት እያለም እቀናበት ነበር።

ነገ ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን እንዳነብ ቢሮው ጠይቆኛል። ረቂቁም ደርሶኛል። "በንብረት ክፍል በቅንነት አገልግሏል" ይላል። ስለ ገሳይዋ ልጅ አንድ ቃል የለበትም። የሌለበትም በእኔ ምክንያት ነው።

የሻረግ ከገሳይ ገጠር መጥታ እዚህ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይታ የምትማር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዋናውን ሚና የሰጠሁት ለእሷ ነው። ቴአትሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አባቷ ከለከላት። "እንድትማር እንጂ አዝማሪ እንድትሆን አልላክኋትም" አለ አሉ። እኔ ጥበብ ለትምህርት ያለውን ጥቅም የሚያብራራ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ክብ ማኅተም አስመታሁበትና በሚኒባስ ላክሁለት።

ሰውየው ማኅተሙን ሲያይ የፍርድ ቤት መጥሪያ መሰለው። "ልጄ ከሰሰችኝ" ብሎ ጭራሽ ከትምህርት ቤትም አስቀራት።

ይህን የነገረኝ አበጀ ነው።

"መምህር፣ ሰውየውን ያስፈራው ማኅተሙ ነው።"

"ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ማን ይቀበላል?"

"እሱ ገበሬ እንጂ ቢሮ አይደለም" አለና ሁልጊዜ የሚላትን፣ እኔን የምታናድደኝን ነገር ጨመረ፦ "ይኸማ ቀላል ነው።"

በነጋታው ሥራ አልገባም። በማግስቱም አልገባም። በሦስተኛው ቀን ፊቱ ፀሐይ በልቶት፣ መዳፉ ተልጦ፣ የሻረግን ይዞ መጣ።

"የት ነበርክ?"

"ገብስ አጨዳ።"

"አስፈቅደሃል?"

"ባለ ማሳውን አስፈቅጃለሁ።"

ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ማጭድ ይዞ ከአባቷ ጎን ሲያጭድ ሲውል ስለ ቴአትር ትንፍሽ አላለም። በሁለተኛው ቀን አባትየው ራሱ "አንተ ሰውዬ፣ ምን ፈልገህ ነው?" አለው። "የልጅዎን ንግግር በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ግን እንደ እሷ አልሆንልህ አለኝ" ብሎ እዚያው ማሳው መሃል በሴት ድምፅ ያሰማው ጀመር። ሰውየው ነዶ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "በል ተወው፤ አገር ሳይስቅብን እሷው ትበለው" አለ።

እኔስ? ሁለት ቀን ከሥራ ቀርተሃል ብዬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠሁት። ፈርሞ ተቀበለኝ። እስክሪብቶዬን ሲመልስልኝ "ጽሑፍዎ ግን ያምራል" አለኝ። ሲያሾፍብኝ ይሁን ከልቡ ዛሬም አላውቅም።

ቴአትሩ ተወደደ። ሲያልቅ አባትየው ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ አበጀን አቅፎ ሳመው። ወደ እኔ ዞሮ "እርስዎስ ማን ነዎት?" አለኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩት ነኝ ለማለት አፈርኩ።

ትንሽ ቆይቶ ከባሕር ዳር የመጡ እንግዶች አባቷን እንዴት እንዳሳመንነው ጠየቁኝ። "ደብዳቤ ጻፍንለት" አልኩ። አበጀ የመጋረጃውን ገመድ ይዞ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል። ቀና ብሎ አየኝና ገመዱን መጠቅለሉን ቀጠለ። ያቺ ውሸት በድርጅቱ መጽሔት ታተመች፤ ለአዳዲስ አሠልጣኞችም እንደ ምሳሌ ትነገራለች። አንድም ቀን አላረምኳትም፤ እሱም አንድም ቀን አላነሳብኝም።

ሳላውቅ አይደለም የዋሸሁት። እኔ በሁለት ገጽ ያበላሸሁትን እሱ በማጭድ አቃናው፤ ይህን መዋጥ አቃተኝ። የሻረግ ዛሬ አስተማሪ ናት።

ነገ የማነበው የቢሮውን ረቂቅ አይደለም፤ ይህን እዚህ የጻፍኩትን ነው። ቅር የሚለው ካለ ከቀብሩ በኋላ ያናግረኝ።

አበጀ፣ ነገ የሚሸኝህን ሕዝብ ሳይ እንደገና እንደምቀና አውቃለሁ። እኔ ቀድሜ ብሞትና የሕይወት ታሪኬን አንተ ብታነብልኝ ኖሮ፣ ከበደልኩህ አንዱንም አታነሳም ነበር። በዚህም እቀናብሃለሁ። እኔ ግን አንድም ሳላስቀር አነባለሁ። ደኅና ሂድ፣ ወንድሜ።